የተሳለመችው በር

የትናየት ጃፓን የሄደችው ለአፈር ጥበቃ ሥልጠና እንጂ በር ለመሳለም አልነበረም። ግን ምን ይደረግ፣ ልማድ ያሰርቃል ከማድ! አስተማሪው አንድ ቀን ሠልጣኞቹን ሺንቶ የሚባለውን የጃፓኖች ነባር እምነት ጥንታዊ መቅደስ ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። መግቢያው ላይ እጅና አፍ የሚታጠቡበት ውኃ ይወርዳል፤ ከፊቱ መዝጊያ የሌለው ቀይ የእንጨት በር ቆሟል። "ከበሩ ወዲህ የሰው፣ ከበሩ ወዲያ የአማልክት ነው፤ ይህን ደን ከጥንት ጀምሮ ምሳር የነካው የለም" አላቸው። ደኑ፣ ጸጥታው፣ የዛፉ ጠረን፣ ሁሉም የአገሯ የጋይንት ደብር ሆነባት። ሆዷ ባባ። ሳታስበው ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች፣ ግንባሯን አስነክታ ቋሚውን ሳመች። ጓደኛዋ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው፤ በደግነት መሆኑ ነው እንግዲህ!

ፎቶው ከእሷ ቀድሞ አገር ቤት ገባ። ወሬ በማድረስ ማንም የማይቀድመው ጎረቤታቸው አምሳሉ ስልኩን ይዞ እናቷ ዘንድ ሮጠ። "እመት ፋንቱ፣ ልጅዎ ለጣዖት ሰገደች!"

የትናየት ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ስትደርስ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት መልሷቸዋል። ውኃ ብታቀርብላቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን አዞሩባት። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ሳይመርቋት እንዳይሞቱባት።

"እማዬ፣ ልንገርሽ..."

"አትንገሪኝ! ማተብሽን ያዢና ማይልኝ። ፎቶው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ?"

አንቺን ናፍቄ፣ ደብራችን መስሎኝ ብትል ማን ሊሰማት! ማተቧን ጨበጠች።

"በማተቤ፣ እኔ አይደለሁም። እኔን የምትመስል ሌላ ሴት ናት።"

የእመት ፋንቱ ፊት በራ። "እሰይ! ብዬ ነበርኮ! የኔ ልጅ መች እንዲህ ታደርጋለች!" ውኃውን ተቀብለው ጠጡ። ከዚያ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው መረቋት፤ ውለጂ፣ ክበጂ፣ የዘራሽው ይብቀል፣ ክፉ አይንካሽ። የትናየት በየቃሉ አሜን እያለች አለቀሰች።

ምርቃቱ አለቀ ስትል እጃቸውን አላነሱም።

"ያችን ሴት ግን፣ የልጄን መልክ ይዛ ለጣዖት የሰገደችውን፣ ማኅፀኗን ይዝጋው። ቀባሪ አያግኛት።"

የትናየት ከእጃቸው ሥር ቀና ብላ አየቻቸው።

"ምነው ልጄ? አሜን በይ እንጂ" አሉ፣ ድምፃቸው እየደከመ።

"አሜን" አለች።