እጄ ለውይይት የቀረበ ጊዜ

ሰው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሙባረካ ግን እኔ ላይ ሰቀለችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሳልከትፍ፣ ሰሃን ሳላጥብ፣ ሁለት እጄን በፌስታል አስሬ መተማ ዮሐንስ ላይ ምግብ ቤት አስተዳደርሁ። ያውም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ሠራተኛ በሚጎርፍበት ሰሞን! አንዱ ጎጃሜ ፌስታሉን አየት አድርጎ «እትዬ፣ ምን ነክቶዎት ነው?» አለኝ። «ሥዕል ነኝ» አልሁት። ሽሮውን ሳይጨርስ ወጣ።

ሙባረካ ከጓሮዬ ባለችው ክፍል የምትኖር ሂና ቀቢ ናት። የሱዳኑ ጦርነት የምትኖርበት መደኒ ከተማ ሲደርስ እግሯ ወዳመራት ወጣች፤ ስልኳም መንገድ ላይ ጠፋ። ባሏ አብዱረሕማን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ቀን ጭነት ይዞ ሌላ አገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢደወል ቢደወል አይጠራም። መተማ የመጣችውም እሱ ጭነት የሚያመላልሰው በዚህ ስለነበር ነው፤ አንድ ቀን ኬላው ላይ ብቅ ይላል ብላ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። «ፌስቡክ ላይ ፈልጊው» ብላት፣ «አብዱረሕማን ፌስቡክ የሥራ ፈት ነው ይላል» አለችኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ!

ታዲያ የቆላው ጥበባት ማኅበር «የዘመኑ ጥበብና ባህላዊ ፋይዳው» የሚል ውይይት አዘጋጀ። ሦስት ጥበበኞች ሥራቸውን ይዘው ቀርበው ትርጉሙን ያስረዳሉ ተባለ፤ አንዷ ሙባረካ ሆነች። መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር። ቴሌቪዥን መጥቶ ይቀርፃል ሲሏት የያዘችውን ሂና አስቀመጠች።

«ውባንች ኡኽቲ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «አብዱረሕማን የትም ይቁም፣ ሻይ የሚጠጣው የሐበሻ ቴሌቪዥን ካለበት ነው። እስክስታ ይወዳል።»

«ፊትሽን ያየዋላ!»

«ፊት ያልፈዋል። የኔን ሂና ግን አያልፈውም።»

እውነቷን ነው። ሙባረካ ስትቀባ የግራ እጅን ትንሿን ጣት ባዶ ትተዋለች። ሠርጓ ቀን የገዛ እጇን እየቀባች ሳለ ሙሽራው ቸኩሎ ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰና ያቺ ጣት ሳትቀባ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቀብታት አታውቅም። እንዲህ ያለ ሂና ያለው የሷ ብቻ ነው፤ ባሏም ይኼን ያውቃል።

ከመደኒ ይዛው የወጣችው ጥሩ የሂና ዱቄት አንድ እጅ የማይሞላ ቀርቷት ነበር። የገበያው ቀላ ይልና በካሜራ አይታይም አለች። ያቺኑ እኔ ላይ ጨረሰቻት፤ ከጣቴ እስከ ክርኔ የሰሊጥ ሐረግ አድርጋ። ሰኞ ነው የተባለው ውይይት ለረቡዕ ተላለፈ፤ ረቡዕ ደግሞ ሰብሳቢው አልገቡም ተባለ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በፌስታል መጠቅለል የመጣው እንግዲህ በዚህ ነው። ሙባረካ ጧት ጧት ፌስታሉን ፈታ ሐረጉን ትመለከታለች፤ እኔን ደህና አደርሽ የምትለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሥረኛው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሙቀቱ አይነሳ! ያሉት ሁለት ቬንትሌተሮች ወደ ክብር እንግዶቹ ዞረዋል። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ እንግዳው መድረኩ ላይ ወንበር ሰጡኝና ደረቴ ላይ ወረቀት ለጠፉብኝ፦ «ርዕስ፦ እጅ። የተሠራበት ቁሳቁስ፦ ሂና፣ ሰው።» ውኃ ጠማኝ ብል፣ ሥራው ይበላሻል ብለው ከለከሉኝ።

መጀመሪያ የተነሳው አሸናፊ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ሠዓሊ። ሥዕሉ ቢጫ ነው፤ ታች ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለችው። ስለ ነጥቧ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ስለ ቢጫው ጊዜ አጠረው። ቀጥሎ ከኮኪት ከተማ የመጣው በያጅ ወንድማገኝ በትራክተር ማረሻ ዲስክ የሠራውን በሬ አስገፍቶ አስገባ።

«የሥራህ ባህላዊ ትርጉም ምንድን ነው?» አሉት አቶ እንግዳው።

«በሬ ነው።»

«በሬነቱን አየን። መልእክቱስ?»

ወንድማገኝ በሬውን ዞሮ አየውና «ቀንዱ ይወጋል፣ ልጅ እንዳይነካው» አለ። አሸናፊ ይኼ ከመልእክት ሁሉ የጠለቀ ነው ብሎ አጨበጨበ።

ካሜራማኑ ይኼን ሁሉ ሲቀርፅ ከረመ። የሙባረካ ተራ ሲደርስ ግን ባትሪው እየሞተ ነው አለና ቁጭ ብሎ ገመዱን ይጠቀልል ጀመር። ሙባረካ ማይኩን ይዛ እሱን እሱን ታያለች። እኔም እንደዚያው። ዘጠኝ ቀን ፌስታል ውስጥ የኖርሁት ለዚህ ነበር እንዴ!

«ወይዘሮ ሙባረካ፣ የሥራዎ ፋይዳ?» አሉ አቶ እንግዳው።

«ባሌ እንዲያየው ነው።»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አቶ እንግዳውን አየች። «የቤተሰብ ትስስርን ያጠናክራል፣ ብለሽ ጻፊ» አሏት። አሸናፊ እጁን አወጣና ባዶዋ ጣት የቆላውን ሰው የውስጥ ዝምታ እንደምትወክል አብራራ። ሙባረካ «አይ፣ አብዱረሕማን ቸኩሎ ነው» አለች። እሱም አልተመዘገበም። በመጨረሻ አቶ እንግዳው የአቋም መግለጫ አነበቡ፦ ሂና የሕዝብ የጋራ ሀብት ስለሆነ ማንም ግለሰብ የኔ ነው ሊለው አይችልም። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» ሲሉ ካሜራማኑ ለድምፅ አሰጣጡ ብሎ ተነሳ። ለዚያ ሲሆን ባትሪ ነበረው።

ደሜ ፈላ። ከወንበሬ ተነስቼ ከመድረኩ ዱብ አልሁና ሁለት እጄን ካሜራው አፍንጫ ላይ ደቀንሁለት።

«እትዬ፣ ዞር ይበሉ!»

«አልዞርም! ቅረፅ!»

አልዞርሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ በሰባት ሰዓት ዜና ወጣ። ቤቴ በምሳ ተመጋቢ ጢም ብሏል። አሸናፊን አሳዩት፣ በሬውን አሳዩት፣ አቶ እንግዳውን ሦስት ጊዜ አሳዩአቸው። ሙባረካን ዘለሏት። ከዚያ በድንገት ስክሪኑ በኔ ሁለት እጅ ተሞላ። ሐረጉ ቁልጭ ብሎ፣ ባዶዋ ጣት ፊት ለፊት፣ ከኋላ ደግሞ የማኅበሩ ባነር ከነስልክ ቁጥሩ። ዜና አንባቢዋ «ተሳታፊዎቹም መግለጫውን በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል» አለች። አምስት ሰከንድ ይሆናል። ሙባረካ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ምሳ በሊው ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ተነሳ። እኔም በተቀባ እጄ አቅፌያት አለቀስሁ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኛ!

ከዚያ ጠበቅን። አንድ ሳምንት አለፈ። ሙባረካ እኔን መጠየቅ አፍራ ቴሌቪዥኑን ትወለውላለች። አላስቻለኝም፣ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። አቶ እንግዳው የውይይቱን ሪፖርት ሲያስጠርዙ አገኘኋቸው።

«የደወለ ሰው አለ እንዴ?» አልኋቸው።

«ኧረ አለ! ዜናው በተላለፈ ማግስት አንድ ሰው በሾፌር አማርኛ ደወለ። ሪፖርቱ ላይ አስገብተነዋል፤ ሥራችን ድንበር ተሻግሮ ፍላጎት ፈጥሯል ብለን።»

«ምን አለ?»

«ትንሿን ጣት የተወችው ቀቢ ማን ናት አለ።»

ሪፖርቱ ላይ ተቀመጥሁ። «እርስዎስ ምን አሉት?»

«የጸደቀውን ነዋ! ሥራው የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፣ የኔ ነው የምትል ግለሰብ የለችም አልሁት። ከዚያ “የለችም?” አለኝ። በግለሰብ ደረጃ የለችም አልሁት። ስልኩ ተዘጋ።»

«አንተ!» አልሁት። እርስዎነቱ እዚያው ላይ አበቃ። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስቱን እኮ ነው የገደልህበት! ቁጥሩን አምጣ!»

የጽሕፈት ቤቱን የጠረጴዛ ስልክ ስክሪን አሳየኝ። ከተሰበረ ዓመት ሆኖታል፤ ማን እንደደወለ አያሳይም። ያን ጊዜ ገና ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ፣ «እኔ መረጃ የጠየቀ ነው የመሰለኝ» ይላል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ያጠልቃል። ሰድቤ ሰድቤ ሲደክመኝ ወጣሁ።

ለሙባረካ እንዴት ብዬ ልንገራት! ባጃጅ እንኳን ሳልይዝ እያዘገምሁ ሄድሁ፤ መንገዱ ግን አጠረብኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ «የለችም» ያላትንም አልደበቅሁም። ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ይዣለሁ።

«ደወለ?» አለች።

«ደወለ።»

«በራሱ አፍ? በድምፁ?»

«በድምፁ።»

«አልሐምዱ ሊላህ» አለችና ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች ተነሳች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ቦታዋ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ጧት ከጸሐፊዋ ቀድማ ትገባለች፤ ስልኩ አጠገብ ወንበር አላት። አቶ እንግዳው እንኳን ሊያስወጣት፣ ምሳዋን እሱ ነው የሚያመላልስ፤ እኔ ቤት ሲመጣ ቀና ብሎ አያየኝም። ስልኩ ሲጮህ ከሷ በቀር የሚያነሳ የለም። እስካሁን የዞኑ ሰዎች ሪፖርት አጣድፉ ብለው ሁለት ጊዜ፣ አሸናፊ ስለ ነጥቧ አራት ጊዜ፣ አንድ ደግሞ የተሳሳተ ሰው ደውለዋል። ሙባረካ ሃሎ አትልም፤ ማን ልበል ብላም አትጠይቅም። ገና ጆሮዋ ላይ ሳታደርሰው፣ «አለሁ» ትላለች።