ድንጋይ የተጫነው ጦስኝ

አንባቢ ሆይ፣ ከሰብአዊ ሕማማት ሁሉ እንደ ቅናት ትጉህና ንቁ የለም፤ ቁጣ ሲደክመው ይተኛል፣ ኀዘንም ሲያለቅስ ይወጣለታል፣ ቅናት ግን የባልንጀራውን ደጅ ሲጠብቅ ያድራል፤ ያውም ማንም ሳይቀጥረው!

በደንብያ ምድር፣ በአንድ ክቡርና ባለጸጋ ቤት፣ ወይዘሮ ሣህሊቱ የምትባል ታላቅ ምራት ነበረች፤ የጎተራው ቁልፍ ከወገቧ ተፈትቶ አያውቅም፣ አማቷ እመይቴ አመተ ልዑልም ያለ እርሷ እጅ ውኃ እንኳ አይቀምሱም ነበር። ታናሺቱ ምራት ወለተ ሩፋኤል ከሰሜን ተራራ ተድራ ስትመጣ ግን፣ ከጓዟ ጋር የጦስኝ ሥር ከነአፈሩ ይዛ መጣች፤ ይኸውም ከምድር ከፍ የማይል፣ ውርጭ የለመደ፣ መዓዛው ግን ቤት የሚሞላ ቅጠል ነው። እመይቴ በጽኑ ሳል ይሠቃዩ ነበርና ታናሺቱ ያፈላችውን የቅጠሉን ፍል ቢጠጡ ደረታቸው ቀለል አላቸው፤ ከዚያ ወዲያ በመሸ ቁጥር «ያቺን ልጅ ጥሩልኝ» ማለት አመጡ። ሣህሊቱ ይህን ስትሰማ፣ ዛሬ ጽዋው፣ ነገ ደግሞ ቁልፉ ከእጇ ሲወጣ ታያት።

ስለዚህ ፍሉን ራሷ ልታፈላ፣ ከጦስኙ ሥር ቆርሳ በጓሮዋ ተከለች፤ ለጎመን እንደሚደረገውም ፍግ አለበሰችው፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣችው። ብርድና ጭንጫ ያሳደገው ተክል ይህን ሁሉ ድሎት መች ችሎ! በስብሶ ቀረ። ታናሺቱ በበኩሏ የተከለችውም በደንብያ ጥቁር መሬት ገርጥቶ ነበር፤ ቢሆንም አልሞተም። ሣህሊቱ «የእኔ ሞቶ የእርሷማ አይኖርም» አለች በልቧ፤ ክረምት በገባ በአንዱ ሰንበት፣ ቤተ ሰቡ ቅዳሴ ሲሄድ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ቅጠሉ እስኪሰወር ድረስ ጠጠርና ድንጋይ ከመረችበት። ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ለቡራኬው ደረሰች፤ ይቅር ይበላት።

መስከረም ሲጠባ፣ ድንጋዩ ዝናሙን እያሳለፈ ሥሩን ከመበስበስ ጠብቆት፣ የተቀበረውም ቅርንጫፍ ሁሉ በየጠጠሩ መካከል ሥር ሰድዶ፣ ጦስኙ ሐምራዊ አበባ ለብሶ ጓሮውን ሞልቶት ተገኘ። እመይቴ በምርኩዛቸው ወጥተው አይተው ታናሺቱን ሊመርቁ ሲጀምሩ፣ እርሷ እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦

«እመይቴ፣ ምርቃቱ ለእትዬ ሣህሊቱ ይገባል። በአገሬ ጦስኝ የሚወድ ሰው ድንጋይ ይጭንለታል፤ እኔ ሙሽራይቱ የሰው ጓሮ በድንጋይ መሙላት አፍሬ ስተወው፣ አሞኝ በቀረሁበት ሰንበት እርሷ ቅዳሴዋን ትታ ስትጭንልኝ በመስኮት አየኋት።»

ሣህሊቱ በታናሺቱ ፊት ላይ ሽሙጥ ብትፈልግ አላገኘችም፤ ልጅቱ የተናገረችው ከልቧ ነበር። አሮጊቲቱም የሣህሊቱን ግንባር ሳሙ፣ ቁልፉም ዕድሜዋን ሁሉ የእርሷ እንዲሆን በሰው ፊት አጸኑላት። ልትናዘዝ አፏን ከፈተች፤ ቁልፉን ዳሰሰችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያም ወዲህ ታናሺቱ ፍሉን ባፈላች ቁጥር «እትዬ ትስጥልን» እያለች ጽዋውን በእጇ ታስይዛታለች፤ ያም መዓዛ በሸተታት ቁጥር ሣህሊቱ አንገቷን ትደፋለች፤ ለቀናተኛ ሰው ከተቀጣበት በደል ይልቅ የተመሰገነበት በደል ይከብደዋልና።