ኮምፒውተሩ ተመልሷል

«እማዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲደውሉልሽ ነበር እኮ!»

ሃኒ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ስትናገር ከጃንጥላዋ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። እናቷ ወለላ ጋቢዋን እንደተከናነበች አፍጥጣ አየቻት። ለፍልሰታ ሱባኤ ከገባች ስድስተኛ ቀኗ ነው። በጥሬ ሽምብራና በስግደት የሰነበተ ሰው ነገር ቶሎ አይገባውም።

«ማን ነው የደወለልኝ?»

«ስለ ኮምፒውተሩ ነዋ! ሰኞ እዚህ ማርቆስ ከተማ ገብቶ ነበር። ስልክሽ ዝግ ሆነባቸውና ትናንት ወደ አዲስ አበባ መለሱት። ዛሬ ቢሯቸው ጎራ ስል ነው የነገሩኝ።»

ወለላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ዘግታ ጋቢዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችው ራሷ ናት። ሱባኤ የገባችውም እመቤታችንን ይህንኑ ዕቃ በሰላም አድርሽልኝ ብላ ለመለመን ነበር። ሌላ ሰው ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፤ እሷ ግን ስልኩን ከቋጠሮው ፈትታ ሃኒን ተከትላ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃኒ ከኮሌጅ ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጠች። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሲሰለቻት ቤሩት ልሂድ አለች፤ ፓስፖርትም አወጣች። ወለላ ፓስፖርቱን ቀምታ ደበቀችና እቁቧ ሲወጣ በኢንተርኔት ኮምፒውተር አሳዘዘቻት። መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጽሑፍ እየተየበች ትኖራለች ብላ ነው። ሃኒም «እስከ መስከረም እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ ግን እሄዳለሁ» ብላ ተስማማች። በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል የተባለው ዕቃ ግን ሁለት ወር ፈጀ። ሃኒም «መጣ ወይ?» እያለች መመላለሱ ሰልችቷት ከተወችው ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ትዕዛዙ በሃኒ ስም ሲሞላ፣ ስልኩ የእኔ ካልሆነ ብላ ግግም ያለችው ወለላ ነበረች። የሃኒ ስልክ ላይ ቤሩት ልላክሽ የሚላት የአዲስ አበባ ደላላ ይደውላል፤ የልጅቷም ልብ እዚያው ነው ብላ አላመነቻትም።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው የዕቃ አድራሹ ድርጅት ወኪል ደመላሽ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ።

«እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰኞ ደወልኩ፣ ማክሰኞ ደወልኩ፣ ትናንትም ደወልኩ። ከዚያ በላይ ማቆየት አልተፈቀደልኝም።»

«ሰው ጠይቀህ ቤት ብቅ ብትል ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

«ስልክ ብቻ ነው የሰጣችሁን። በየቱ ሰፈር ልፈልግዎት?»

«ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«እስከ ቅዳሜ አዲስ አበባ መጋዘን ይቆያል፤ ከዚያ ትዕዛዙ ይሰረዛል። እሷ ራሷ መታወቂያ ይዛ ከሄደች ይሰጧታል።»

«መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል» አለች ሃኒ። «ቀበሌ ደግሞ ካርድ አልቋል እያሉ ከሰኔ ጀምሮ ያመላልሱኛል።»

«ፓስፖርትም ይሆናል» አለ ደመላሽ፤ የምሥራች የነገራቸው መስሎታል።

እናትና ልጅ አልተያዩም።

በጭቃው መንገድ ወደ ቤት ሲሄዱ ወለላ «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«ሱባኤሽስ?»

«አቋርጠዋለሁ። ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ።»

«እስከ መቼ ነው ግን የምትጠብቂኝ፣ እማዬ?» ሃኒ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ዝሎ ነበር። «እሺ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ ተከተይኝ። ከዚያ በኋላስ?»

ወለላ ጋቢዋን ከጭቃው ሰብስባ መንገዷን ቀጠለች። ልጄን ያስቀርልኛል ያለችው ዕቃ፣ ልጇን ከነፓስፖርቷ ደላላው ወዳለበት ከተማ የሚያስኬድ ሆኖ አረፈው። ዕቃው ይቅር ብትል ደግሞ መስከረም ደርሷል። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ቤት እንደገቡ የጤፉን በርሜል ከፍታ ክንዷን እስከ ክርኗ ከተተች። ወዲያ ወዲህ ዳበሰች።

«ወደ ግድግዳው በኩል ነው» አለች ሃኒ ከበሩ ላይ ሆና።

ወለላ ክንዷ ጤፉ ውስጥ እንዳለ ዞረች። «ታውቂ ነበር?»

«ሐምሌ ላይ ጤፍ ስሰፍር አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን አልወሰድሽውም?»

«እንጃ» አለች ሃኒ። «ኮምፒውተሩን እየጠበቅኩ ነበራ።»

ወለላ ፓስፖርቱን አውጥታ የተጣበቀበትን ጤፍ በእጇ አራገፈች፤ በቀሚሷም ጠረገችው። «ትመለሻለሽ? ማርያምን በይ!» ልትላት አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

«አክስትሽ አይናዲስ ዘንድ እደሪ» ብቻ አለቻትና ሰጠቻት።

ሃኒ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ እስከ በሩ ሸኘቻት። መናኸሪያ ድረስ ግን አልተከተለቻትም።