ከቆርቆሮው የወጡ አራት ብረቶች

ታላቅ ወንድሜ መኪናውን ጋራዡ በር ላይ ሲያቆም የሞተሩ ጉርምርምታ የመፍቻ መደርደሪያውን አንቀጠቀጠው። መኪናው በዕድሜ እናታችንን ያክላል፤ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ከሚገባው በላይ ጉልበት። ወንድሜ ከሱ ውስጥ በወጣ ቁጥር ራሱም ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል።

«ሊቋ!» አለኝ። ማንም ሳያስተምረኝ መካኒክ ስለሆንኩ ያወጣልኝ ስም ነው። እሱ ለሹፈት አወጣው፣ እኔ ግን ይገባኛል ብዬ ወሰድኩት። «መሪውን አንዴ እዪልኝ። እማዬን ይዤ ቁልቁለቱን መውረዴ ነው። ሳቂታው ሴት ልጆቹን ጭኖ ቀድሞናል፤ ታች ይጠብቀናል።»

ሳቂታው የልብ ጓደኛው ነው። መኪኖቻቸውን የገዙት አብረው ነው፤ ከቀለማቸው በቀር መንታ ናቸው።

«መሪው ምን ሆነ?»

«ምንም። እንዲያውም ሰሞኑን ቅቤ ሆኗል። በአንድ ጣት ይዞራል።»

ደስ አላለኝም። እንዲህ ያረጀ መሪ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚቀል ከሆነ አንድ ነገር እየለቀቀ ነው።

እማዬ ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ «ቶሎ በይ ልጄ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አለችኝ።

ሞተሩን አስጠፋሁ። ጎማዎቹን መሬት እንደረገጡ ተውኳቸው። አብዛኛው መካኒክ እዚህ ላይ ነው የሚሞኘው፤ መኪናውን በክሪክ ያነሳና ጎማው ሲቀልለት የላላው ነገር ይደበቅበታል። መሪውን ጨብጬ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኩት። ቀጭ፣ ቀጭ። የላይኛው ኩሽኔታ አልቋል። እሱ ቢጮህ እንጂ ሰው አይገድልም።

ከዚያ ወንድሜን መሪው ላይ አስቀምጬ ኮፈኑን ከፈትኩ። «ግራ። ቀኝ። ቀስ እያልክ» እያልኩ ከመሪው የሚወርደውን ዘንግ በእጄ ተከተልኩት። ዘንጉ ይዞራል። እጄን ወደ ታች፣ ዘንጉ ጎማዎቹን ከሚያዞረው የመሪ ሳጥን ጋር ወደሚገናኝበት ወሰድኩ። ከላይ ያለው ይዞራል፤ ከታች ያለው ንቅንቅ አይልም።

መሃላቸው እንደ ብስኩት ክብ የሆነች ወፍራም ጎማ አለች። ሁለቱን የምታያይዘው እሷ ብቻ ናት። ባትሪ አበራሁባት። ከዳር እስከ መሃል ተሰንጥቃ በጥቂት ክሮች ተንጠልጥላለች። ጠርዟ ላይ በምስማር የተጫረች ኮከብ አለች።

የኔ ኮከብ ናት። የሠራሁት ሥራ ላይ ሁሉ እጭራታለሁ፣ ማን እንደሠራው እንዲታወቅ። ከሦስት ዓመት በፊት ትክክለኛው ዕቃ ሲጠፋ ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጬ፣ በጋለ ምስማር በስቼ ያበጀኋት ናት።

ጋራዡ የአጎቴ ነው። ከኋላዬ መጥቶ አጎነበሰ። «ማነው ይሄን የሠራው ቀሽም?»

ዓይኑ ደክሟል፤ ኮከቧን አላያትም። ጎማዋን ነቅዬ ኪሴ ብከታት ማንም አያውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሳምንት ሙሉ ይስቅብኝ ነበር። አልሳቀም። «ማቆሚያዎቹስ?» አለ።

በጎማዋ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ብረቶች ነበሩ። ጎማዋ ብትበጠስ እንኳ እነሱ እየተገፉ መሪውን ያዞሩታል። ያኔ ይህን አላወቅኩም፤ አልጠየቅኩምም። ሲንኳኩ ሰማሁና «ፋብሪካው ትርፍ ብረት ልኮላችኋል» ብዬ ነቅዬ ወረወርኳቸው። መኪናው ዝም ሲል ወንድሜ ለሰፈሩ ሁሉ አወራልኝ።

አጎቴ ምንም ነገር አይጥልም። ከመደርደሪያው ስር የዛገ የወተት ቆርቆሮ አወጣ። «ያን ጊዜ ከወለሉ ላይ ለቅሜያቸዋለሁ» ብሎ መዳፌ ላይ ገለበጠልኝ።

አንድ፣ ሁለት።

ሦስት፣ አራት።

ለአንድ መኪና ሁለት ነው የሚበቃው። ከዚያው የከባድ መኪና ጎማ፣ በዚያው ሳምንት፣ ሁለት ክብ ነበር የቆረጥኩት።

«አለቀ?» አለ ወንድሜ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«ለሳቂታው ደውልለት። ቁም በለው!»

«ደግሞ ምን...» ፊቴን ሲያይ ተወው። ደወለ። ስልኩ ጠራ። እንደገና ጠራ። የእማዬ ቦርሳ ከጉልበቷ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«አቤት ወዳጄ!» የሳቂታው ድምፅ ነው። ከኋላው ልጆቹ እየተንጫጩ ይዘፍናሉ። «የት ቀራችሁ? እኔ እኮ ቁልቁለቱን ጀመርኩት!»

ስልኩን ነጠቅኩት። «ጋሼ፣ ቁም! አሁኑኑ ዳር ያዝ!»

«ሊቋ! እጅሽ ይባረክ፣ ይሄ መሪ ዛሬማ እንዴት እንደቀለለኝ! በአንድ ጣት...»

«ፍሬን ያዝ ነው የምልህ! መሪው ሊበጠስ ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትጩሂብኝ። ይቺን መታጠፊያ ብቻ ልለፍና እቆማለሁ።»

አራቱን ብረቶች ጨብጬ በስልኩ ውስጥ የሳቂታውን ሞተር አዳመጥኩ።