ሁለተኛው መስመር

ወንድሜ እንጨት ሠሪውን ይዞ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰውዬው ሰላም አለኝና ወዲያው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የሥራ ጠረጴዛዬን ለካ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የእግሮቹን ውፍረት። ጎንበስ ብሎ ከሥሩም አየው። አርብ ሊወስደው ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ቆርጫለሁ። ከአራት ወር በፊት ከተደገፈበት የተንሸራተተ መስታወት የቀኝ እጄን አንጓ ጅማት በጠሰው። ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ወንድሜ ነው፤ የዚያን ቀን የለበሰውን ሸሚዝ እስከ ዛሬ ደግሞ አልለበሰውም። ሐኪሙ ጅማቱን ሰፍቶ ኃይሉ እንደሚመለስ፣ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን እጄ ራሱ እንደሚነግረን አስረዳን። ለወንድሜ ይህ መልስ አልበቃውም። ከሱቃችን ፊት ተቀምጬ ፍሬም እንድሸጥ፣ መቁረጡን ለሌላ ቤት እንድንሰጥ ወሰነ። የሚያደርገው አስቦልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ከወጣ ግን እኔም አብሬው እንደምወጣ አውቅ ነበር።

እጄ የሚናገረውም ደህና አልነበረም። ለስድስት ሳምንት በየጠዋቱ ቁርጥራጭ ላይ ሞከርኩ። ሁሉንም ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፤ ቀኑን፣ የመስታወቱን ውፍረት፣ አንጓዬ አሞኝ እንደሆነ፣ ስብራቱ ቀጥ ብሎ ወይም ከመስመር ሸሽቶ እንደሆነ። ሰፈሩ “ሚሊሜትር” ብሎ የሚጠራኝ በከንቱ አይደለም። ደህና ነኝ፣ እችላለሁ እያልኩ፣ እየጸለይኩ፣ ከአርባ አንዱ ሃያ ዘጠኙ ሸሸ።

እንጨት ሠሪው ወጥቶ ሲሄድ አርባ ሁለተኛውን አነሣሁ። እሱም ሸሸ። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ሱቁን በጆሮዋ ነው የምትጠብቀው።

“አንቺ ልጅ” አለችኝ፣ “ድሮ እኮ አንዴ ነበር የሚጮኸው።”

“ምኑ፣ እማዬ?”

“መስታወቱ ነዋ። አንዴ ሲጥ ይልና ይሰበራል። አሁን ሁለቴ ይጮኻል። አንደኛው ለፈጣሪ፣ ሁለተኛው ለሥጋትሽ ነው?”

መቁረጫውን እንደያዝኩ ቆምኩ። መስታወት ቆራጭ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው መስመር እንደማይደገም ነው። የመቁረጫው ጫፍ ላይ ያለችው የምስር ፍሬ የምታክል የብረት ጎማ አንዴ ካለፈች መስታወቱ የት እንደሚሰበር ያውቃል። በላዩ ላይ ከደገሙት ግን ጠርዙ ይፈረካከስና ስብራቱ ወደፈለገበት ይሄዳል። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ። ግድግዳው ላይ ሁሉን ነገር ስጽፍ ስንት ጊዜ እንዳሰመርኩ ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። የመጀመሪያው መስመሬ ደህና ይሁን አይሁን አይቼው አላውቅም፤ ሥጋቴ ይቀድመኛል። ጸሎቴም እንደዚያው ነበር። ጠዋት ነገሬን ለፈጣሪ አደራ ብዬ እሰጥና ረፋድ ላይ ተመልሼ፣ ጥሎት እንዳይሆን እጁን እፈትሻለሁ።

እስከ ሐሙስ ማታ ዘጠኝ ቁርጥራጭ ወስጄ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ አሰመርኩ። ስምንቱ ቀጥ አሉ። ግን ሁሉም ከክንድ አይበልጡም ነበር።

አርብ ወንድሜ፣ እንጨት ሠሪውና ሁለት ተሸካሚዎች ሲመጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ሱቁ ውስጥ የቀረውን አንድ ትልቅ መስታወት አስተኝቼ ጠበቅኳቸው። ባለ ስድስት ሚሊ፣ ሁለት ሜትር፣ ለመድኃኒት ቤት በር የታዘዘ። ተሸካሚዎቹ ውጭ ቀሩ። ወንድሜን ይህን ልቁረጥ፣ ከሸሸ ጠረጴዛውን እኔው ራሴ አብሬ አወጣላችኋለሁ አልኩት።

“ደግሞ ደም ልታሳዪኝ ነው?” አለኝ።

“አይ። መስመር ላሳይህ ነው።”

ጎማዋን ላምባ ውስጥ ነከርኩ። አደራ አልኩ፣ አንድ ጊዜ፣ ጀመርኩም። ድምፁ እኩል ሆኖ መጣ። ግማሹን እንዳለፍኩ አንጓዬ ላላ፤ ለአንድ ስንዝር ያህል ሲጥታው ሳሳ። ከዚያ ኃይሉ ተመለሰልኝና ጨረስኩ። መስመሩ ነጭ ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ቀጥኖ የሸረሪት ድር አክሏል። ወንድሜም እዚሁ ሱቅ ያደገ ነውና ወዲያው አየው።

“እዚህ ጋ አልያዘም። ድገሚው።”

“አልደግመውም።”

“ይሰነጠቃል እኮ፣ ሚሊሜትር።”

“አልደግመውም አልኩህ፣ ጋሼ። ያንን ጫፍ ያዝ።”

መቁረጫውን ላምባው ጣሳ ውስጥ ጣልኩት፤ እጄ ፈልጎ እንዳያገኘው። ትልቅ መስታወት ለብቻ አይሰበርም፤ በሁለቱም ጫፍ ሰው ይፈልጋል። ወንድሜ ጠባሳዬን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ጓንቱን አጠለቀ። እንጨት ሠሪው ከበሩ ኋላ ሄዶ ቆመ። መስታወቱን ገፍተን መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አገጠምነው። እስከ ሦስት ቆጠርኩና ወደታች ተጫንን።

አንድ አጭር ድምፅ ብቻ። ወንድሜ ግማሹን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ከእንጨት ሠሪው ሜትር ተቀብሎ ከዳር እስከ ዳር ለካ። የሳሳው ቦታ ላይ ቆየ።

“አንድ ሚሊሜትር” አለ። ሜትሩን ለእንጨት ሠሪው መለሰ። “ከመስመሩ አንድ ሚሊሜትር ወጥቷል።”

እንጨት ሠሪው ተሸካሚዎቹ ውጭ እየጠበቁ መሆኑን አስታወሰው። ወንድሜ ዞር ሳይል ይሂዱ አለው።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ “አንዴ ነው የጮኸው” አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ አይቶ ሊይዘኝ መጣ፤ ተወው አልኩት። ይንቀጥቀጥ። ሥራውን ጨርሷል።