የናርሲሳ ኑዛዜ

በእኛ ሰፈር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የአሻንጉሊቱን ኑዛዜ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመቴ። ወንዶቹ አሮጌውን ዓመት የሚወክል፣ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት በሰጋቱራ ይጠቀጥቃሉ፣ በዓመቱ ብዙ ያስወራንን ሰው ልብስ እናለብሰውና በር ላይ ወንበር ላይ እንጎልተዋለን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰፈሩ ተሰብስቦ ኑዛዜው ይነበባል፣ ሌሊት ደግሞ አሻንጉሊቱ ይቃጠላል። ሕጉ አንድ ነው፦ የተነካ ሰው ይስቃል። የተቆጣ ግን ለሰፈሩ ሁሉ የቀረፋ አረቄ ያፈላል፣ ዓመቱንም ሙሉ መሳቂያ ሆኖ ይከርማል።

ምላስሽ መርዝ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ባል የለኝም፣ አልወለድኩም፣ መልኬንም ማንም አመስግኖት አያውቅም። በዚያ ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ አፌን ነው የሚያየው፤ ያንን ደግሞ እወደዋለሁ።

ዘንድሮ ተራው የናርሲሳ ነበር፣ የወንድሜ የዊልመር ሚስት። በከተማችን በካያምቤ አበባ እርሻ ያልሠራ የለም፤ ናርሲሳም ዘጠኝ ዓመት ጽጌረዳ ስትለይ ኖራለች። አሁን የእርሻው ባለቤት ሌላ ሥራ አቀረበላት። ሞስኮና አምስተርዳም ያሉ ደንበኞች «አበባው በስብሶ ደረሰን» ባሉ ቁጥር በረው የሚሄዱት እሷና ዓይኗ ናቸው፤ መበስበሱ ከእኛ ይሁን ከመንገድ አይታ ትከራከራለች። ሦስት ሳምንት ውጭ፣ አንድ ሳምንት ቤት። መልሷን በአዲሱ ዓመት በሁለተኛው ቀን ትስጥ ተብሏል። ሰፈሩ ደግሞ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ዳይራ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው። የምንኖረው አንድ ቤት ነው፤ እናቷ ጎህ ሳይቀድ ስለምትወጣ ልጅቷን የምቀሰቅሳት፣ የማበላት፣ ጸጉሯን የምጎነጉንላት እኔ ነኝ። ወገቧ ድረስ የሚወርድ ጸጉር ነው፤ ሁለት ጉንጉን፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሪባን። ልጅቷን ከነፍሴ አስበልጬ እወዳታለሁ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ጠዋት የአሳማውን ሥጋ በቅመም ሳሽ ናርሲሳ ማድቤት ገባች።

«ሶይላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትቀልጂብኝ።»

«እንደ አጠያየቅሽ ነው።»

«ሥራውን ብይዘው ዳይራን ትይዥልኛለሽ? ዊልመርን ታውቂዋለሽ፣ የራሱን ካልሲ እንኳ ፈልጎ አያገኝም። እናቴ እኔ ጋ ኢባራ ከተማ አምጫት ትለኛለች። እኔ ግን ካንቺ ጋር ከሆነች ሐሳብ አይገባኝም። እምቢ ካልሽኝ አልሄድም።»

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሦስት ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት እሷ! ያም ሆኖ አፌ ደህና ነገር መች ይወጣዋል?

«ድሮስ ካንቺ ይልቅ እኔን አይደል የምትሰማው» አልኳት።

«እሺ ማለትሽ ነው?»

«እሺ ነው እንግዲህ፣ በማኅተም ይሁንልሽ?»

ግንባሬን ስማኝ ወጣች።

እጄን ታጥቤ ኑዛዜውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከሦስት ቀን በፊት ነው ጽፌ የጨረስኩት። ስለ ልጅቷ ያለውን አራት መስመር አነበብኩና ልሰርዘው እርሳስ አነሳሁ። ከዚያ ደግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከጠቅላላው እሱ ነበር ያማረው። እርሳሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

አሥር ሰዓት ላይ መንገዱ ሞላ። አሻንጉሊቷ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የሰረቅኩትን የናርሲሳን የሥራ ካፖርት ለብሳለች፣ እግሯ ሥር የናርሲሳ አዲስ ሻንጣ አለ። ዊልመር እንደ ልማዳችን ሐዘንተኛ መበለት ሆኖ፣ የእናታችንን ጥቁር ቀሚስ አጥልቆ አሻንጉሊቷን እያቀፈ «ወይኔ፣ ምን ልሁን!» እያለ ያለቅሳል፤ ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። ናርሲሳም ትስቃለች። ወንበር ላይ ወጣሁ።

«እኔ ናርሲሳ፣ ሟቿ እመቤት፣
እነሆ ወጣሁ ከሞቀ ቤት።
ለባሌ ሰጠሁት ይህን ትራስ፣
አቅፎት ይተኛ እስክመለስ።»

ጭብጨባው ሲበርድ ቀጠልኩ።

«ሴት ልጄን ለሶይላ ሰጠሁ በስጦታ፣
ወልዳ ለማታውቀው ይሁናት ደስታ።
ለፋሲካ መጥቼ ስቆም ከደጄ፣
‹እንግዳ ናት› በሏት፣ ‹ማናት?› ካለች ልጄ።»

ሰፈሩ በሳቅ ተናወጠ። እንደዚያን ቀን ተስቆልኝ አያውቅም። ዳይራ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብስኩት በአይብ ትበላ ነበር። ብስኩቱን አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ለአክስቴ ሰጠሽኝ?»

«አዎ፣ ከነቅማልሽ!» አለ ዊልመር ከጥቁሩ ቀሚስ ውስጥ። ሰው ከቀድሞው ይልቅ ሳቀ።

ልጅቷ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ያኔ ከወንበሩ ወርጄ «ጨዋታ ነው የኔ ቆንጆ» ብላት ይበቃ ነበር። ሰዎቹ ግን አፌን እያዩ ነው።

«የበሰበሰ ጽጌረዳ ይመለሳል፣» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ልጅ ግን አንመልስም!»

ዳይራ ሮጣ የእናቷን እግር አቀፈች። ናርሲሳ እስከ መጨረሻው ሳቀች፤ ሕጉ ነው። ከዚያ ሻንጣዋን ከአሻንጉሊቷ እግር ሥር አነሳችና ልጇን ይዛ ገባች። ሰው የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ተከትያት ገባሁ።

«ምነው፣ ተቆጣሽ? አረቄውን ልጣድ?»

«አልተቆጣሁም። ሥራውን ይዤዋለሁ። ዳይራ ግን ኢባራ ትሄዳለች።»

«በጨዋታ?»

«ጠዋት እሺ ስትይኝ ያ ነገር ተጽፎ ነበር?»

በእጄ የያዝኩትን ኑዛዜ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ተጽፎ ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«ከሦስት ቀን በፊት።»

«ስለምንሽ ከሰማሽኝ በኋላስ ለምን አላጠፋሽውም?»

«ግጥሙ ይበላሻል» አልኳት።

ይህንን ነው ያልኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ስችል፣ ልጅቷን አትውሰጂብኝ ብዬ እግሯ ላይ መውደቅ ስችል፣ ስለ ግጥም አወራሁ። ናርሲሳ የልጅቷን ልብሶች ማጠፍ ጀመረች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዳይራን ለመጨረሻ ጊዜ ጎነጎንኳት። አውቶቡሱ ውስጥ እንዳይፈታባት አጥብቄ ነበር፤ ሌላ ጊዜ «አመመኝ» ብላ ትጮኽብኛለች። ያን ቀን ቃል አልወጣትም።

ከጾም በፊት ለሚከበረው ለካርኒቫል አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ሰፈሩ በር ላይ ውኃ እየተረጨ ይጫወታል። ጸጉሯ ጆሮዋ ላይ ተቆርጧል።

«ጸጉርሽ የታለ?» አልኳት። ድምፄን እኔው አላወቅኩትም።

«አያቴ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መጎንጎን አትችልም። እማዬ ሞስኮ ናት። አስቆረጥነው።» ከዚያ ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለቱ ጉንጉኖች ከነቀይ ሪባናቸው ውስጡ ነበሩ። «አያቴ ለሶይላ ስጪያት፣ በኑዛዜ የደረሳት ነው ብላለች።»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰሙ። አንዷ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተከተሉ፤ የሰፈሩ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ፌስታሉን ይዤ አብሬያቸው ሳቅኩ።