ጎመን አጠጪዎቹ

ሀሰኖ ባልዲውን አስቀምጦ በክፍሉ መስኮት አጮለቀ። ውስጥ መምህር ገብረ ማርያም የወለድ ሒሳብ እያስረዱ ነበር፤ ሰሌዳው ግን ከውጭ አይታይም።

“ተው፣ ያዩሃል” አለው ጓደኛው ጉቱ ከጎመኑ መሀል ቀና ብሎ።

“ይዩኝ! አባቴ ወይፈኑን የሸጠው እኔ እዚህ ጎመን እንዳጠጣ ነው?”

“እንዲህ የተንከባከቡት ጎመን ሚኒስትሪ ቢቀመጥ ከአሰላ አንደኛ ይወጣ ነበር” አለና ጉቱ ሳቀ።

ሀሰኖ አልሳቀም። የ1954ቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። ያለፈ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ የወደቀ ሳጉሬ ተመልሶ የባለርስቱን መሬት ያርሳል። መምህሩ ግን ከሰዓት በኋላ ክለሳ ሲጀምሩ የጸሐፊዎቹንና የነጋዴዎቹን ልጆች ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ፤ ከገጠር የመጡትን የአርሲ ልጆች ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ይልካሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ባለፈው ክረምት ሀሰኖ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ካፖርት ሰጥተውታል።

ድምፅ ሰምተው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

“ሀሰኖ፣ ጨረስክ?”

“መምህር፣ እኔም ተፈታኝ ነኝ። ለምን አልገባም?”

“ለአንተው አዝኜ ነው እንጂ ልጄ። አማርኛው ራሱ ይከብድሃል። እዚህ ተቀምጠህ ከምታፍር፣ እጅህ የለመደውን ብትሠራ አይሻልም?”

“ሒሳብ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?”

“አንተስ እጅህን አውጥተህ ታውቃለህ?”

“ከመስከረም ጀምሮ ሳወጣ ነው የከረምኩት።”

መምህሩ ያን እጅ አንድም ቀን አይተውት እንደማያውቁ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ቢሰድቡት ኖሮ ሀሰኖ ይህን ያህል አይናደድም።

“በል፣ ነገ እናያለን። አሁን የቀረውን አጠጣ” ብለው መስኮቱን ዘጉት።

ሀሰኖ የቀረውን ውሃ እስከ መጨረሻው መደብ አዳረሰ። ከዚያ ባዶውን ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ ክፍሉ በር አመራ።

“አንተ! ወዴት ነው?” ጉቱ ከኋላው ተጣራ።

ሀሰኖ በሩን ገፍቶ ገባ። የፊተኞቹ ወንበሮች ሙሉ ነበሩ። ሀሰኖ ባልዲውን ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት፣ ከሰሌዳው ሥር ደፍቶ ተቀመጠበት። ጭቃ የነካውን እጁንም አወጣ።